በአንድ ላፕቶፕ ላይ የሚደራጅ የኔትወርክ ቤተ ሙከራ፦ የግንኙነት ስልት ምርጫና የምርምር ውጤት ተአማኒነት

በኮምፒውተር ኔትወርክ ዘርፍ የመመረቂያ ጥናቱን የሚያካሂድ ተማሪ ቢያንስ ሦስት ኮምፒውተሮች፣ አንድ ስዊችና ሌላ ሰው የማይነካው ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ በማይገኝበት ጊዜ ሙከራው በአንድ የግል ላፕቶፕ ውስጥ በተደራጁ ቨርቹዋል ማሽኖች ይካሄዳል። መንገዱ ተገቢ ነው፤ ወጪ ይቆጥባል፣ የተበላሸ ሙከራንም ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለስን የደቂቃዎች ሥራ ያደርገዋል። ችግሩ የሚመጣው ማሽኖቹ እርስ በርስና ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኙበት ስልት ሶፍትዌሩ አስቀድሞ እንዳስቀመጠው ሲተውና በጥናቱ ዘዴ ምዕራፍም ሳይጠቀስ ሲታለፍ ነው። የራም መጠንና የፕሮሰሰር ዓይነት በጥንቃቄ ይዘረዘራሉ፤ የግንኙነቱ ስልት ግን ይዘለላል። በትክክል የተለካው ነገር ምን እንደሆነ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይኸው የተዘለለው ነው።

ቨርቹዋል ማሽን አንድን ኮምፒውተር ከነስርዓተ ክወናው በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር አማካይነት የሚያስኬድ አሠራር ነው። ተሸካሚው ኮምፒውተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚሠራው ደግሞ እንግዳ ይባላል። ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ የኮምፒውተር አሠራር ይህን በብቃት ለማስተናገድ ሊያሟላ የሚገባውን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ነበር። በግል ኮምፒውተሮች ዘንድ የተለመደው የኤክስ86 ፕሮሰሰር ግን ይህን ሳያሟላ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ነገሩ የቀለለው ኢንቴልና ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ለዚሁ የተዘጋጀ ድጋፍ በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ካካተቱ ወዲህ ነው። ድጋፉ በአንዳንድ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚገኝ አስቀድሞ መከፈቱን ማረጋገጥ ያሻል። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋባይት የተመደበላቸው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠሩ ሦስት የሊኑክስ ሰርቨሮችን ማስኬድ ይቻላል።

ቨርቹዋልቦክስ በተባለው ሶፍትዌር አዲስ ማሽን ሲፈጠር የሚመደብለት የግንኙነት ስልት ኤንኤቲ ነው። እንግዳው 10.0.2.15 የሚል አይፒ አድራሻ ይሰጠዋል፣ መውጫ በሩም 10.0.2.2 ይሆናል። ኢንተርኔት ወዲያውኑ ስለሚሠራ ተማሪው ሁሉም ነገር እንደተሟላ ይገምታል። ሁለተኛ ማሽን ሲፈጥር ግን እርሱም 10.0.2.15 ሆኖ ያገኘዋል፤ ሁለቱም እርስ በርስ አይተያዩም። ይህ ስህተት አይደለም። በዚህ ስልት እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ብቻ የሆነ የተናጠል ኔትወርክ ስለሚመደብለት ነው። ይህኛው ችግር ወዲያው ስለሚታይ ጉዳቱ ቀላል ነው። ከባዱ የማይታየው ነው።

አንድ ተማሪ የቲሲፒን የመጨናነቅ መቆጣጠሪያ ስልቶች ማነጻጸር ፈለገ እንበል። ከርነሉን ኩቢክ ወደተባለው ስልት አድርጎ ከእንግዳው ማሽን ወደ ውጭ ሰርቨር ፋይል ይልካል፤ ቀጥሎም ወደ ቢቢአር ቀይሮ ይደግመዋል። የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ይሆንና “በመካከላቸው ጉልህ ልዩነት አልታየም” ተብሎ ይጻፋል። ይሁን እንጂ የቨርቹዋልቦክስ ኤንኤቲ ከእንግዳው የሚወጣውን ፓኬት አድራሻውን ብቻ ቀይሮ አያሳልፈውም። የቲሲፒውን ግንኙነት እዚያው ይቀበላል፣ በውስጡ ያለውን መረጃ ያወጣል፣ ከዚያም በአስተናጋጁ ስርዓተ ክወና በኩል በሌላ አዲስ የቲሲፒ ግንኙነት ይልከዋል። ስለዚህ የእንግዳው ቢቢአር የሠራው በላፕቶፑ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ብቻ ነው። በእውነተኛው ኢንተርኔት ላይ የተጓዘውን መረጃ በሁለቱም ሙከራዎች የመራው የአስተናጋጁ ስልት ነበር። ተማሪው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ለክቶ በሁለት ስም መዝግቦታል። ቁጥሮቹ የተስተካከሉ፣ ግራፎቹም ያማሩ ስለሚሆኑ ገምጋሚም ላይደርስበት ይችላል።

ኤንኤቲ የሚለው ስም በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አሠራርን እንደማያመለክትም ልብ ማለት ይገባል። በሊኑክስ ላይ ኬቪኤም ከሊብቨርት ጋር ሲሠራ የሚፈጠረው የ192.168.122.0 ኔትወርክም ኤንኤቲ ይባላል፤ እዚያ ግን የአስተናጋጁ ከርነል አድራሻንና ፖርትን ብቻ ስለሚቀይር የእንግዳው ቲሲፒ ሳይቆረጥ እስከ መድረሻው ይዘልቃል። የትኛው እየሆነ እንዳለ ለማወቅ በእንግዳው ውስጥና በአስተናጋጁ የኔትወርክ ካርድ ላይ ፓኬቶችን በዋየርሻርክ በአንድ ጊዜ መዝግቦ የቲሲፒ ተከታታይ ቁጥሮችን ማነጻጸር በቂ ነው። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ግንኙነቱ መሐል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። ዋየርሻርክ ከዜሮ የሚጀምሩ አንጻራዊ ቁጥሮችን የማሳየት ልማድ ስላለው፣ ይህን አጥፍቶ ትክክለኛዎቹን ቁጥሮች መመልከት ግድ ይላል፤ አለበለዚያ ሁሉም ነገር ተመሳሳይ መስሎ ይታያል።

ሌላው አማራጭ ብሪጅ ነው። በዚህ ስልት እንግዳው በቤቱ ወይም በዶርሙ ኔትወርክ ላይ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ይቀመጣል፣ አድራሻውንም ከራውተሩ ይቀበላል። በኬብል ሲሆን አስተማማኝ ነው። በዋይፋይ ላይ ግን የመገናኛ ነጥቡ ፓኬት የሚቀበለው አስቀድሞ ከተመዘገበ ማክ አድራሻ ብቻ በመሆኑ የእንግዳው የራሱ ማክ አድራሻ ወደ አየር ሊወጣ አይችልም። ቨርቹዋልቦክስ በአስተናጋጁ ማክ አድራሻ እየተካ ያሳልፈዋል፤ የሊኑክስ መደበኛ ብሪጅ ደግሞ የዋይፋይ ካርድን አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም። ከሁሉ በላይ ብሪጅ የጋራ ኔትወርክን መንካት ነው። በእንግዳው ውስጥ ለሙከራ የተከፈተ የዲኤችሲፒ ሰርቨር ለጎረቤት ስልኮችና ላፕቶፖች የተሳሳተ አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ የዶርሙ ነዋሪዎች ኢንተርኔታቸው የተቋረጠበትን ምክንያት ሲፈልጉ ያድራሉ። የጥቃት ሙከራዎችን በብሪጅ ማካሄድማ ከናካቴው ሊታሰብ አይገባም።

ለአብዛኛው የኔትወርክ ጥናት የሚሻለው የውስጥ ኔትወርክ የሚባለው ስልት ነው፤ አስተናጋጁ እንኳ የማይገባበት ዝግ መስመር ነው። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው የውስጥ ኔትወርኮች ተፈጥረው፣ ላኪው በአንዱ፣ ተቀባዩ በሌላው ይቀመጣል፤ ሦስተኛው ማሽን ሁለት የኔትወርክ ካርዶች ተሰጥተውትና ፓኬት የማስተላለፍ ፈቃዱ በከርነሉ ተከፍቶለት በመካከላቸው ራውተር ይሆናል። ማሽኖቹን ከላፕቶፑ ለማዘዝ ለእያንዳንዳቸው አስተናጋጁን ብቻ የሚያገናኝ ተጨማሪ ካርድ መስጠት ይቻላል፤ ቨርቹዋልቦክስ ለዚህ የ192.168.56.0 ኔትወርክን ይጠቀማል። የሙከራው ትራፊክ በዚህ ተጨማሪ መንገድ ሾልኮ እንዳይሄድ የመንገድ ሰንጠረዡን መፈተሽ ይገባል።

እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በውስጥ ኔትወርክ ላይ ሽቦ የለም፤ ፓኬቱ ከአንዱ የማህደረ ትውስታ ክፍል ወደ ሌላው ይገለበጣል። በአይፐርፍ የሚገኘው ፍጥነት የፕሮሰሰሩ እንጂ የመስመሩ አይደለም። ትርጉም ያለው ልኬት ለማግኘት መዘግየትን፣ የፓኬት መጥፋትንና የመስመር አቅምን በሊኑክስ ኔትኤም ሆን ብሎ መጨመር ያስፈልጋል። ይህም በላኪው ላይ ሳይሆን በመካከለኛው ራውተር ላይ መሆን አለበት፤ በላኪው ላይ ሲደረግ ከርነሉ ያልወጡ ፓኬቶችን በራሱ ወረፋ ስለሚቆጥር የቲሲፒን ጠባይ ያዛባል። መብራት ሊቋረጥ ሲል ወይም ባትሪ ሲያልቅ ማሽኑን ካለበት ይዞታ ጋር አስቀምጦ በኋላ ማስነሳት ይቻላል፤ ሰዓቱ ግን ስለሚዘል በመካከል የነበረው ልኬት ተጥሎ እንደገና መጀመር አለበት።

ሦስቱን ማሽኖች አንድ በአንድ ከመጫን ይልቅ አንዱን አዘጋጅቶ ማባዛት የተለመደ ነው። በሚባዛበት ጊዜ ለሁሉም ካርዶች አዲስ ማክ አድራሻ እንዲሰጥ ማዘዝን ብዙዎች ያውቁታል። በኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ስርዓቱ ከዲኤችሲፒ አድራሻ ሲጠይቅ ራሱን የሚያስተዋውቀው ከማክ አድራሻው ሳይሆን ማሽን-አይዲ ከተባለው መለያ በሚገኝ ቁጥር ነው፤ ያ መለያ ደግሞ አብሮ ይባዛል። በዚህም ምክንያት የተለያየ ማክ አድራሻ ያላቸው ሁለት ማሽኖች አንድ አይፒ አድራሻ ይዘው ይነሳሉ፤ ግንኙነቱም አንዴ እየሠራ አንዴ እየጠፋ ተማሪውን በከንቱ ያደክመዋል። መፍትሔው ከማባዛት በፊት በዋናው ማሽን ላይ መለያውን ባዶ ማድረግ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ሲነሳ የራሱን አዲስ ቁጥር ይፈጥራል።