ስለ ልጅ ስምና ስለ አባት ስም መስማማት

በብዙ አገሮች የቤተ ሰብ መጠሪያ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ልማድ ግን ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚጠራው አባቱ በሕፃንነቱ የወጣለት የራሱ ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ይህ ልማድ አልተለወጠም፤ ሴትም ብታገባ በአባቷ ስም እንደ ተጠራች ትኖራለች። ከዚህ የተነሣ ስም አውጪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም የመረጠው ስም ከአባትየው ስም ጋር ሲጠራ ምን ይናገራል የሚለው ነው።

ከአማርኛ ስሞች ብዙዎቹ ትርጉማቸው ለሰሚው ግልጽ ስለ ሆነ ሁለቱ ሲገናኙ ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል። የአባት ስም ግሥ ከሆነ ባለቤት የሚሆነው ቃል ለልጁ ይሰጣል። ተገኘ የተባለ ሰው ልጁን ወርቁ ቢለው «ወርቁ ተገኘ» ይሆናል። ወርቁ በተራው ሲወልድ ግሡ ለልጁ ይደርሰዋል፤ ታየ ቢለው «ታየ ወርቁ» ይባላል፤ ግሡ ስለ ቀደመም አነጋገሩ የምሥራች ይመስላል። የታየ ሴት ልጅ ደግሞ ብርሃን ብትባል «ብርሃን ታየ» ይሆናል። እንግዲህ ቃላቱ ሁሉ የቆዩ ናቸው፤ በየትውልዱ አዲስ የሚሆነው አገጣጠማቸው ነው።

ሆኖም ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው ሰዋስው ነው። «አበበች ወርቁ» ሲባል ግሡ የአንስታይ ጾታ ስለ ሆነ ከአባት ስም ጋር አይያያዝም፤ ስለዚህ ለሴት ልጅ እንደ ብርሃንና ሕይወት ያለ የነገር ስም ይበልጥ ይመቻል። ሁለተኛው ያልታሰበ ትርጉም ነው። ይበቃል ለብቻው መልካም ስም ሲሆን «ይበቃል ደስታ» ቢባል ግን ደስታን የሚከለክል ይመስላል። ሦስተኛው ኀዘን ነው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባሉት ስሞች ብዙ ጊዜ ልጅ ከሞተ በኋላ የሚወጡ ናቸው፤ ወላጅን ያጽናናሉ፤ ልጁ ግን ባላየው ኀዘን ዕድሜውን ሙሉ ይጠራበታል።

ዛሬ በከተማ እንደ ናሆም ያሉት ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ አጫጭር ስሞች ይወደዳሉ። እነዚህ ከአባት ስም ጋር ዓረፍተ ነገር ስለማይሠሩ መመዘን ያለበት ድምፃቸው ነው። «ናሆም መኮንን» በፍጥነት ሲጠራ ሁለቱ «መ»ዎች ተጣብቀው የስሞቹ ድንበር ይጠፋል፤ «ናሆም ታደሰ» ግን ተለይቶ ይሰማል።

በመጨረሻም ለወንድ ልጅ ስም የሚያወጣ ሰው ሳያስበው ገና ላልተወለዱ የልጅ ልጆቹም የአባት ስም ያወጣል። ስለዚህ የታሰበውን ስም አንድ ጊዜ በፊተኛው፣ አንድ ጊዜም በኋለኛው ስፍራ አድርጎ ድምፅን ከፍ በማድረግ ጠርቶ መስማት ይገባል። በሁለቱም ስፍራ የማያሳፍር ስም ለልጁም ለልጅ ልጁም ይበጃል።