ዲግሪም እንደ ዝንጅብል፦ ሁሉም የዘራውን መዝራት ያከስራል

በወላይታ የዝንጅብል ንግድ የቆየ ሰው 2004 ዓ.ም.ን አይረሳውም። በቦሎሶ ሶሬና በቦሎሶ ቦምቤ ብዙ ገበሬ ተስፋውን የጣለው በዚሁ ሰብል ላይ ነበር። የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ገብቶ ማሳውን ሲያወድመው፣ ሌላ መተማመኛ ያልነበረው ባዶ እጁን ቀረ።

መሬት ጠባብ፣ ሕዝብ ብዙ በሆነበት በዚህ ዞን አብዛኛው ቤተሰብ ጥሪቱን የሚያፈሰው በልጅ ትምህርት ላይ ነው። ይሁን እንጂ በዚህም ገበያ አንድ መስክ ላይ መረባረብ ይታያል። መንግሥት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ከወሰነ በኋላ የምህንድስና ተመራቂ በዛ። ግንባታ ሲቀዛቀዝ ብዙዎቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ቤት ተቀመጡ። የመንግሥት በጀት ሲጠብም ሐኪሞች ሳይቀሩ ሥራ ጠባቂ ሆነዋል። የመስኩ ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ወላጅ እንደ ነጋዴ ሦስት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ገዢው ማነው? ቀጣሪው መንግሥት ብቻ ከሆነ ዕጣው በበጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ መሆኗ ቢሮ አብዝቷል፤ ቢሮ ግን በየዓመቱ አይከፈትም።

ሁለተኛ፣ ሙያውን ሕግ ያስገድዳል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያዘጋጁ ስለሚያዝ፣ ይህን የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ተፈላጊ ነው። መድኃኒት ቤትም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳይዝ አይከፈትም።

ሦስተኛ፣ ቀጣሪ ቢጠፋ በራስ ያሠራል? በሬ በሚደለብበት አገር የእንስሳት ጤና የተማረ ደንበኛው ደጁ ላይ ነው።

ምርጫው ግን በፍላጎት ብቻ አይወሰንም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንደኛውን ዓመት የጋራ ትምህርት ተምሮ፣ ክፍል የሚደርሰው በውጤቱና በምርጫው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በመንግሥትም በግልም ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ያልፋል። ስለዚህ ልጁ የማይዘልቀው መስክ፣ ገበያው ቢደራም፣ ኪሳራ ነው።

በግል ኮሌጅ የሚያስተምር ደግሞ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የትምህርት ክፍሉ በዚያው ቅርንጫፍ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያጣራ። የጥቂት ወራት የሥራ ማስታወቂያዎችንም ይቁጠር። ለአንድ በሬ ጥርስ የሚያይ ነጋዴ፣ ለአራት ዓመት ወጪ ይህን ያህል ቢለፋ አይበዛበትም።