«የት ደረስኩ?» ብላ መኪና መኪናን ስትጠይቅ

ከአጋሮ ቡና ጭኖ ወደ ጅማ የሚሄድ አይሱዙ አስቡ። ጠዋት ነው፤ ጉሙ መሬት ነክቷል፤ ትልልቅ ዛፎች ሰማዩን ሸፍነውታል። ጂፒኤስ ያለንበትን የሚነግረን 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የ4ቱን ምልክት ሲሰማ ነው። እርጥብ ቅጠል ምልክቱን ሲያደክምበት ይሳሳታል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለ10 ሰከንድ ቢጠፋበት 170 ሜትር ያህል ተጉዟል። በዚያ ጉም ውስጥ!

መፍትሔው ጎረቤትን መጠየቅ ነው። መኪኖች አጭር ርቀት የሚደርስ ሬዲዮ ካላቸው፣ ያለ ማማና ያለ ኢንተርኔት፣ መንገድ ላይ ሲቀራረቡ እዚያው መረብ ይዘረጋሉ። እያንዳንዷ በሰከንድ እስከ 10 ጊዜ «እዚህ ነኝ፣ በዚህ ፍጥነት ወደዚህ እየሄድኩ ነው» ትላለች። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ቮልስዋገን ጎልፍ እንዲህ ያለ ሬዲዮ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ችካል ላይ የታሰረ በሬ አይታችኋል? ገመዱ ተወጥሮ ሲዞር ክብ ይሠራል። አይሱዙው ከአንድ ሚኒባስ 80 ሜትር እንደሚርቅ ካወቀ፣ ሚኒባሱ ችካል፣ 80 ሜትሩ ገመድ ነው፤ አይሱዙው ክቡ መስመር ላይ አንድ ቦታ አለ። የሌላ መኪና ክብ ሲጨመርበት ሁለቱ የሚቆራረጡት ቢበዛ ሁለት ቦታ ነው። የቱ እንደሆነ ሦስተኛዋ መኪና ትለያለች። ሦስተኛ ባትኖርም አንዱ ነጥብ ቡና ማሳ ውስጥ ካረፈ መንገዱ ራሱ ይፈርዳል!

ርቀቱ የሚለካው በምልክቱ ጉልበት ወይም በወሰደበት ጊዜ ነው። ሁለቱም ያታልላሉ። ቅጠል ምልክቱን ሲያደክመው ቅርቡ ሩቅ ይመስላል፤ በጊዜ ሲለካ ደግሞ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ያሳስታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ እንደ ጥሩ ሽማግሌ ምስክሮቹን ሁሉ ይሰማል፦ ጎማው ስንት ዞረ? ጎረቤት ምን አለ? ሳተላይቱስ? ለታመነው ብዙ፣ ለሚዋዥቀው ጥቂት ክብደት ይሰጣል። የዚህን ሒሳብ ዋና ዘዴ ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 አሳተመው፤ የአፖሎ መንኮራኩርም ወደ ጨረቃ መንገዷን ስታሰላ ተጠቅማበታለች።

በጣም የምወደው ግን ይህን ነው፦ መልሱ «እዚህ ነኝ» ብቻ አይደለም፤ «ብሳሳት በ3 ሜትር ነው» የሚልም አለበት። ሰሚዋ መኪና ምን ያህል ልትታመንበት እንደሚገባ የምታውቀው ከዚህ ነው። አይሱዙው ከዛፉ ሥር ወጥቶ ሰማይ ሲያገኝም፣ ከኋላው ዛፍ ሥር ለቀረችው ባጃጅ ችካል የሚሆናት እሱ ነው።