ግስን መጠበቅ፦ የኡዝቤክኛና የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር

«ውሻው ልጁን ነከሰው» የሚለውን እንግሊዝኛ «ዘ ዶግ ቢት ዘ ቦይ» ይለዋል። የሁለቱ ስሞች ቦታ ቢለዋወጥ ነካሹ ልጁ ሆኖ ያርፋል፤ በእንግሊዝኛ አድራጊና ተደራጊ የሚለዩት በቆሙበት ቦታ ነውና።

ኡዝቤክኛ ይህን «ኢት ቦላኒ ቲሽላዲ» ይላል። «ኢት» ውሻ፣ «ቦላ» ልጅ፣ «ቲሽላዲ» ነከሰ ማለት ነው። ተገልብጦ «ቦላኒ ኢት ቲሽላዲ» ቢባልም የተነከሰው ያው ልጁ ነው፤ «ቦላ» ላይ የተቀጠለችው «ኒ» ልክ እንደ አማርኛው «ን» ተነካሹን ይዛ ትዞራለች። የሚለወጠው አጽንዖቱ ነው። ከግሱ ፊት ተጠግቶ የተቀመጠው ቃል ይጎላል።

ይቺው «ኒ» ሌላም ሥራ አላት። «ኪቶብ ኦቂዲም» መጽሐፍ አነበብኩ፣ «ኪቶብኒ ኦቂዲም» ደግሞ መጽሐፉን አነበብኩ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ከስሙ በፊት «ኤ» እና «ዘ» የሚሉ ቃላትን ይደረድራል።

ኡዝቤክኛ ከቱርክ ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፤ የቤተሰቡ መለያም ቅጥያን በቅጥያ ላይ መደራረብ ነው። «ኬሎልማዲም» የሚለውን አንድ ቃል መፍታት ይበቃል፦ «ኬል» መምጣት፣ «ኦል» መቻል፣ «ማ» አሉታ፣ «ዲ» ኃላፊ ጊዜ፣ «ም» እኔ። መምጣት አልቻልኩም ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለዚሁ «አይ ኩድ ኖት ከም» ብሎ አራት ቃላት ያሰልፋል፤ ተናጋሪው ገና በመጀመሪያው ቃል ይታወቃል። በኡዝቤክኛው ግን የሚታወቀው በመጨረሻዋ ድምፅ ነው። ከኡዝቤክኛ ወደ እንግሊዝኛ በአፍ የሚያስተረጉም ሰው ከባዱ ፈተናው እዚህ ላይ ነው፤ ግሱ እስኪመጣ ነገሩ ይሁን አይሁን አያውቅም።

ገላጭ ሐረግም እንዲሁ ይገለበጣል። እንግሊዝኛ «መጽሐፉ» ብሎ ጀምሮ «እኔ ያነበብኩት» የሚለውን ከኋላ ያስከትላል። ኡዝቤክኛ «ሜን ኦቂጋን ኪቶብ» ሲል ገላጩን ያስቀድማል፤ በአማርኛም «እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ» ነው። «አለኝ» ለማለትም ኡዝቤክኛ እንደ እንግሊዝኛው «ሃቭ» ያለ ግስ የለውም፤ «ኪቶቢም ቦር» ይላል፣ ቃል በቃል «መጽሐፌ አለ»።

በፆታ ግን አማርኛ ወደ እንግሊዝኛው ይጠጋል። ኡዝቤክኛ «ኡ ኬልዲ» ሲል መጣም መጣችም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኡዝቤክኛ መማሪያ የያዘ አማርኛ ተናጋሪ የእንግሊዝኛውን ትርጉም አልፎ ምሳሌውን በቀጥታ ወደ አማርኛ ይመልስ፤ የቃላቱ ቅደም ተከተል አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ይገጥምለታል።