ሆዱን ሳያዩ አይሂዱ

ቺካጎ ደርሶ ከሚሊኒየም ፓርኩ «ባቄላ» ጋር ፎቶ ሳይነሳ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። አነሳሱ ግን ያስቀኛል። ጎብኚው ከሚሺጋን ጎዳና ደረጃውን ይወጣል፣ የሚያብረቀርቀውን ነገር ገና ከሩቅ ሲያይ ጀርባውን ይሰጠዋል፣ ስልኩን ዘርግቶ ሰልፊ ይነሳና ይሄዳል። ራሱን ለማየት ብሎ መስታወቱን በጀርባው የሚያስቀር ሌላ ቦታ አላየሁም።

ዋና ዋናውን ቶሎ ልበለውና ልለፍ። የሐውልቱ ስም «ክላውድ ጌት» ነው፤ የደመና በር እንደ ማለት። የሠራው ሙምባይ የተወለደው እንግሊዛዊ ቀራፂ አኒሽ ካፑር ሲሆን መነሻው የሜርኩሪ ጠብታ ነበር። ከፍታው 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 13፤ ክብደቱ 100 ቶን ገደማ። የከተማው ሰው «ባቄላው» ሲለው ካፑር መጀመሪያ ላይ አልወደደውም፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። እዚያ ቆሞ ጆሮውን ለጣለ ሰው ሁለት ዓይነት ወሬ አይጠፋም። አንዱ «ብረት አቅልጠው በአንድ ጊዜ ያፈሰሱት ነው» ይላል፤ ሌላው ክሮም የተቀባ ወይም መስታወት የተለጠፈበት ይመስለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ባቄላው ከ168 የስቴንለስ ስቲል ላሜራዎች ተበይዶ የተሠራ ነው፤ የሚያበራውም ብረቱ ራሱ ነው። ላሜራዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ቅርጽ ወጥቶላቸው በጭነት መኪና መጡ፤ ብየዳው የተሠራው እዚያው ፓርኩ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓርኩ ሲከፈት ሥራው ገና ነበርና ሕዝቡ ያየው የመገጣጠሚያ መስመሮቹ ቁልጭ ብለው የሚታዩበትን ባቄላ ነው። ከዚያ በኋላ በድንኳን ተሸፈነ፤ የብየዳው ጠባሳ በአምስት ዙር፣ ከሻካራው መሞረጃ ወደ ልስልሱ እየተወረደ፣ ተሞርዶ ተወለወለ። ሙሉ በሙሉ አልቆ የተመረቀው በ2006 ነው። 6 ሚሊዮን ዶላር ይበቃዋል የተባለው ሥራም 23 ሚሊዮን ጨረሰ።

ይህ ሁሉ ልፋት ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ ግንበኛን ያስብ። ግድግዳው ትንሽ ቢጎብጥበት ልስን ይደብቅለታል። ለሚያንጸባርቅ ብረት ግን ልስን የለውም። በሁለት ላሜራዎች መካከል ዓይን የማያየው እብጠት ቢቀር፣ እዚያ ላይ የሚያርፈው የሕንፃ ምስል ወዲያው ይሰበራል። መሞከር ይቻላል። በባቄላው ላይ ከሚታዩት ፎቆች የአንዱን ጠርዝ ይምረጡና ዓይንዎን ሳይነቅሉ ቀስ ብለው ወደ ጎን ይራመዱ። ጠርዙ ይንሸራተታል፣ እንደ ደጋን ይጎብጣል፣ ይቀጥናል፤ የሚቋረጥበት ቦታ ግን የለም። ያቺ መስመር ስንት መገጣጠሚያ ተሻግራ እንደሄደች ሳያውቁት አልፈዋል። እኔ ለበያጆቹና ለወልዋዮቹ ባርኔጣዬን የማነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራቸው የተሳካው ማንም ስላላየው ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ላሜራው ከውስጡ ካለው የብረት አጽም ጋር ድርቅ ብሎ አልታሰረም። በጥር ብርድ እንዲኮማተር፣ በሐምሌ ሙቀት እንዲለጠጥ የሚፈቅዱለት ማያያዣዎች አሉት። ያ ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ብየዳ የቺካጎን አየር ባልቻለው ነበር።

ወደ ሆዱ እንሂድ። ከውጭ ያለው ገጽ ወደ ተመልካቹ ያበጠ ነው፤ እንዲህ ያለ መስታወት ቢቀርቡትም ቢርቁትም ምስልዎን ያሳንሰዋል እንጂ አይገለብጠውም። ሰማዩንና የሕንፃዎቹን ሰልፍ ባንዴ የሚያጠቃልለውም ለዚህ ነው። ሥሩ ግን ሌላ ዓለም ነው። 3.7 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቅስት አልፈው ሲገቡና ቀና ሲሉ፣ ገጹ ወደ ውስጥ ይሰምጥና ከመሬት 8 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ብርሃኑ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተላተመ ስለሚመለስ አንድ ሰው ብዙ ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ረዝሞ፣ አንዱ አጥሮ፣ አንዱ ተዘቅዝቆ።

ከአዲስ አበባ የመጡ አክስቴን እዚያ ወስጃቸው ነበር። ቀና ብለው አዩና «እኔ የቷ ነኝ ልጄ?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ የነጠላቸውን ጫፍ አነሱ፤ ጣሪያው ላይ ተበታትነው የነበሩ ነጫጭ ነጠብጣቦች ሁሉ አብረው ተነሱ። «እነዚህ ሁሉ?» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ መሬት ላይ ጋደም ብለው ከሚያዩት ወጣቶች ጎን አግዳሚ ወንበር ፈለጉ። ወንበር የለም፤ ይሄ ቅሬታዬ ነው። እጅ ማንሳቱን ግን ማንም ሳያስተምረው እዚያ የሚገባ ሁሉ ያደርገዋል። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ሙሽራ ሳይለይ ቀና ብሎ ራሱን ይፈልጋል፣ አንዴ ያወዛውዛል፣ ያገኛል፣ ከዚያ ጓደኛውን መፈለግ ይጀምራል። ለዚህ ደግሞ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆም ያስፈልጋል፤ ሰልፊውን አንስቶ የሮጠው ሰው የቀረበት ይህ ነው።

መንካት ይፈቀዳል። የታችኛው 1.8 ሜትር፣ እጅ የሚደርስበት ሁሉ ማለት ነው፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወለወላል፤ ሙሉ አካሉ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ 150 ሊትር ገደማ በሚሆን ፈሳሽ ሳሙና ይታጠባል። ስለዚህ የጣት አሻራ ችግር የለውም። በቁልፍ መጫር ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ስማቸውን ጭረው የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ጭረቱ ተወልውሎ ጠፋ፤ የተቀባ ነገር ስለሌለው ብረቱን ራሱን እንደ ገና መወልወል ይቻላል። የሚወለወለው ግን ከዚያው ከ10 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ እየተፋቀ ነው፤ ስለዚህ ተደግፈው ፎቶ ሲነሱ ቀለበትዎንና የቦርሳዎን ብረት ቢያርቁለት ጥሩ ነው፤ የሕፃን ጋሪ የሚገፉም ቢሆኑ እንደዚያው።