ከአከርካሪ ጉዳት በኋላ የሚከሰት ጭንቀትና የመስሪያ ቤቶች ድርሻ

ፍኖተሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙ የምዕራብ ጎጃም ከተሞች ናቸው። በጎዳናው ላይ የሚደርስ የተሽከርካሪ አደጋ፣ በገጠሩም ከዛፍ ወይም ከቤት ጣሪያ መውደቅ አከርካሪን ሰብሮ በውስጡ የሚያልፈውን ህብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል።

ተጎጂው ሆስፒታል ሳለ ሐኪምና ጠያቂ አይለየውም። ጭንቀቱ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በሰው ፊት ሽንት ቢያመልጠኝስ? በሬዬን ማን ይጠምድልኛል? ከስራ እሰናበት ይሆን? የሚሉት ሀሳቦች እንቅልፍ ይነሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት የህብለ ሰረሰር ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ጎልቶ የሚታይ የድብርት ምልክት እንደሚያሳዩ ገልጿል። አብዛኞቹ ግን አያሳዩም፤ ተስፋ መቁረጥ የጉዳቱ የግድ ውጤት አይደለም ማለት ነው።

ፍርሃት መስሎ የሚታይ ሁሉም የመንፈስ ችግር አለመሆኑን ቤተሰብ ሊያውቅ ይገባል። ጉዳቱ ከደረት መሐል በላይ የሆነ ሰው በድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ ላብና መረበሽ ሲገጥመው የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ አሻቅቦ ሊሆን ይችላል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የሞላ ፊኛ ወይም የታጠፈ የሽንት ቱቦ ነው። በመሆኑም ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቀበቶና ጠባብ ልብስ ማላላት፣ ሽንቱ እንዲወጣ ማድረግና ቶሎ ካልተሻለው በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ «አይዞህ» እያሉ መጠበቅ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ሌላው ጭንቀት የሚቀለው በምክር ብቻ ሳይሆን በስልጠናም ጭምር ነው። ሽንቱን በሰዓቱ ማስወጣት፣ ቁስል እንዳይወጣበት ጎኑን መለዋወጥና ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር መሸጋገር የተማረ ሰው ፍርሃቱ አንድ በአንድ ይቀንስለታል። ከእርሱ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበትን ሰው ማግኘትም ይጠቅመዋል። እንቅልፍ ማጣቱና መኖርን መጥላቱ ከቀጠለ ግን የጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

የስራው ስጋት በሐኪም እጅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሰሪው የስራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ እንዲያመቻችና ረዳት እንዲመድብለት ያዛል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። የሰው ሀብት ክፍሉ ሠራተኛው ገና በህክምና ፈቃድ ላይ ሳለ ቢሮው ወደ ምድር ቤት መዛወሩንና መጸዳጃ ቤቱ መስተካከሉን በደብዳቤ ቢያሳውቀው፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ በዚያው ዕለት መልስ ያገኛል።