የጣሪያ ውኃና የእንሰት ጥላ፤ የጓሮ አትክልት በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲሠራትና እንዲጠብቃት እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። የጌዴኦ አባቶች ይህን አደራ በተዳፋት መሬታቸው ላይ ሲፈጽሙ ኖረዋል፤ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከመካከል እንሰት፣ ከሥሩም ቡና፣ ጎመንና ቦዬ በአንድ ማሳ ያበቅላሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ጓዳውን የሚይዙት እንሰትና ጎመን ናቸው። መሬት እየጠበበ ሲሄድ ግን ስፍራቸውን ጫትና ባሕር ዛፍ ይወስዱባቸዋል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት በቅጥራቸው ጥቂት አትክልት ቢያለሙ ለምእመናን ማሳያ፣ ለነዳያንም ማዕድ ይሆናል።

በዲላና በሌሎችም ከተሞች ቦታ የጠበበው አጥቢያ በጣሪያ ላይ መትከልን ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 300 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ቆርቆሮ ይህን አይሸከምም፤ የኮንክሪት ጣሪያም ያለ መሐንዲስ ምርመራ ሊጫንበት አይገባም። ከጣሪያው የሚጠቅመን ውኃው ነው። በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,000 ሊትር ይሆናል፤ ጥቂቱ ቢባክንም የቀረው በአሸንዳ ወደ ታንከር ይገባል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን ቆሻሻ ስለሚያጥብ ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ ታንከሩም ትንኝ እንዳይራባበት ይከደን።

መሬት ለሌለው አጥቢያ የቡና ጆንያ ይበቃዋል። ጆንያው አፈርና የበሰለ ፍግ ተቀላቅሎ ይሞላል፤ ውኃ እስከ ታች እንዲደርስ በመካከሉ ጠጠር ይደረጋል፤ ችግኙም ከላይና በጎኑ በተበሱ ቀዳዳዎች ይተከላል። የሐበሻ ጎመን በሁለት ወር ገደማ ለመቀንጠብ ይደርሳል። የታችኛው ቅጠል እየተቀነጠበ ጫፉ ከተተወ ደጋግሞ ይሰጣል፤ ጥቂት እግር ደግሞ ለዘር ይቆይ። በዝቅተኛው ቦታ ሽፈራው፣ መሬት ባለበትም ቦዬና የወላይታ ድንች ይጨመሩ።

እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መትከል ይገባል። የአጠውልግ በሽታ በተበከለ ቢላዋና በተበከለ ችግኝ ይተላለፋል። ስለዚህ ችግኙ ከጤነኛ ማሳ ይወሰድ፤ ቢላዋው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገር በእሳት ይለብለብ፤ የታመመውም ከነሥሩ ተነቅሎ ይቀበር።

ክቡራን አባቶች፣ ከመትከል በፊት ሦስት ነገር እንዲወሰን አደራ እንላለን፦ ከመቃብር ስፍራና ከነባር ዛፎች የራቀው ቦታ የቱ ነው? በበጋ የሚያጠጣው ማን ነው? ምርቱስ ለማን ይደርሳል? ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር። በሰኔ በብዙ እጅ የተተከለ፣ በጥር ባለቤት ካጣ ይደርቃልና።